አርባ ሰባተኛው ሳምንት

ሰኞ ጠዋት፥ ቢቸና፥ ከጤና ጣቢያው ጓሮ፥
መዝገቡን ገለጥኩት፥ ጠርዙ ተሸርሽሮ።
«ሳል ከትኩሳት ጋራ» ከሚለው ዓምድ ላይ
ስድስት፥ ዘጠኝ፥ ሰባት፤ ምንም ጉድ የማይታይ።
ይርሳው ነው የጻፈው፥ የካርድ ክፍሉ ሰው፥
አራቱ የተገለበጠ ወንበር የሚመስለው።

ውጭ ሰው ይስላል፤ እኔም እስላለሁ፤
እሱ በደረቱ፥ እኔ በማስመሪያ፥ ወረቀት ይዣለሁ።
የአምስት ዓመት ኅዳር ደምሬ አካፍዬ
ይህ ነው ልማዱ አልኩ፥ ይህ ነው ወጉ ብዬ፤
ከበላዩ ደግሞ ቀይ መስመር አሰመርኩ፥
እዚህ የደረሰ ቀን ዝም ላልል ማልኩ።
እናቴ ስትሰማ፦ «ድንጋይ የቆመበት ወሰን ይገፋል፥
በቀለም የቆመው ስንት ቀን ይተርፋል?»

ቁጥርም እንደ ሰው ነው፤ እሑድ እሑድ ይጾማል፥
ሰኞ ተሰልፎ ያቆየውን ይገድፋል፤
ይህን ያልለመደ በየሰኞው ይደነግጣል።

ኅዳር ዐሥራ ሁለት። ከተማው ታጠነ።
አገዳው፥ ጉድፉ፥ የጎማው ቁራጭ
በየደጁ ነደደ፥ በየአጥሩ በነነ።
የቀኑ ሳል ብቻ ሃያ ሦስት ሆነ።

አለቃዬ እንየው ሳቀና «ጭሱ ነው፤
ዓመት በመጣ ቁጥር ይኸው አይደል ወይ የምናየው?
ማርቆስ ደውለሽ ደግሞ እንዳታስቂብን» አለኝ።
እውነቱን ነው። ስቆጥር ጭሱ እኔንም አሳለኝ።

ግን እንዴት ያለ ነገር ነው!
ያን ጊዜ፥ በቅድመ አያቶቻችን ኅዳር፥ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ
ቀባሪ ጠፋ ይባላል፤ ቆጣሪማ ማን ነበር? ማን ነበር የሚጽፍ?
የተረፈን ጭሱ ነው።
የዚያን ጊዜው መታሰቢያ
ለዛሬው መሸሸጊያ።

ቀዩን መስመር ተውኩት፤ ሌላ ስሌት ያዝኩ፤
እንደ ቂመኛ ሰው ትርፍ ትርፉን ቋጠርኩ።
ከልማዱ ሦስት ቢበልጥ፥ አንዱን ምሬ ሁለቱን አኖራለሁ፤
ደኅና ቀን ሲመጣ ከቋጠሮው ላይ እቀንሳለሁ፤
ከባዶ በታች ግን አልወርድም፤
ያለፈ ጤና የነገን ዕዳ አይከፍልም።

ጭስ በአንድ ቀን ነዶ በማግሥቱ ይረሳል፤
ቂም ግን አንድ፥ አንድ፥ ሁለት፥ ሲል ሲል ይደርሳል።
ቋጠሮውን ፈታሁ።
ከጭሱ በፊት ነበር፥ ከኅዳር አራት ጀምሮ፥
ማንም ሳይሰማው ያደገው፥ ትንሽ በትንሽ ተዳብሮ።

ደወልኩ ለመምህርት ማስተዋል።
«አራተኛ ሀ» አለች፥ «ዐሥራ አንድ ልጅ ቀርቷል፤
ዓርብ ዕለት እንኳን፥ ኳስ ባለበት ቀን።»
ጭስ ያስላል እንጂ
ኳስ አያስቀርም ከልጅ።

ማርቆስ ስልኩ ተነሣ። «እርግጠኛ ነሽ?» አለ።
አይደለሁም አልኩት። ከመቶ አምስት ጊዜ
በከንቱ ልጮኽ ከራሴ ጋር ተዋውያለሁ፤
ይህ ከአምስቱ ይሁን ከዘጠና አምስቱ፥ እኔ ምን አውቃለሁ?
ናሙናው በነገው አውቶቡስ ይመጣል፥ በበረዶ ሣጥን፥
ከሾፌሩ እግር ሥር።
እናንተ እስክትመረምሩ ግን ሰው አይጠብቅም ሊሳሳም፥ ሊገበያይ፥ ሊማከር።

ሐሙስ። መልስ የለም እስካሁን።

ይርሳው ዛሬ ሳለ።
ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ፥ ደግሞ ሳለ።
ቴርሞሜትሩን አይቶ፥ እርሳሱን ቀርጾ፥
በራሱ እጅ ራሱን ቆጠረ፤ ሠላሳ አራት።
ከዚያ ነጠላውን ባፉ ላይ አጣፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ወንበሩ ባዶ ነው።
መዝገቡ ላይ ግን አንድ ወንበር አለ፥
ከሦስቱ ጎን፥ ተገልብጦ።